መሠረቱ ሲሰነጠቅ ኢንሹራንስ የሚከፍለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ «ከ4 ዓመት በፊት አዲስ ያለቀ፣ ፎቅ የሌለው ቤት ገዛሁ። ስገዛው አንድም ስንጥቅ አልነበረውም። ባለፈው የዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይ ከማዕድ ቤቱ መስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ሰያፍ ስንጥቅ አየሁ። አሁን ደግሞ የጓሮው በር ካልተገፋ አይዘጋም። ግንበኛ ጠርቼ ‹ልስን ነው፣ እንድፈነው› አለኝ። የቤት ኢንሹራንስ አለኝ፤ አረቦኑንም በጊዜው እከፍላለሁ። ስደውልላቸው ግን ‹የመሠረት መስመጥ አይሸፈንም› አሉኝ። ታዲያ ይሄ ኢንሹራንስ ምን ይሠራልኛል? ስንጥቁን ላስደፍነው? ወይስ ወደ ሌላ ኩባንያ ልሂድ?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ፣ ስንጥቁን አያስደፍኑት። ቢያንስ ለጊዜው። አሁን በእጅዎ ያለው ዋና ማስረጃ እሱ ነው። በልስን ከተሸፈነ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ይሁን ወይም ቆሞ ለማወቅ ይቸግራል። ነገ ጉዳት ገማች ቢመጣም የሚያየው አዲስ ቀለም ነው።

ሁለተኛ፣ በስልክ የተነገረዎትን እንደ መጨረሻ መልስ አይውሰዱት። ስልኩን ያነሣው ሰው ቤትዎን አላየም። «መሠረቱ ሰመጠ» ሲሉት «መስመጥ አይሸፈንም» አለ። ለተጠየቀው በትክክል መልሶ ይሆናል። ዋናው ጉዳይ ግን መስመጡ አይደለም፤ ለምን ሰመጠ የሚለው ነው። ካሳ የሚከፈለውም የሚከለከለውም በዚህ «ለምን» ነው።

ሥራዬ ምህንድስና ነው። የተጎዱ ቤቶችን እያየሁ ለመድን ሰጪዎችም ለባለቤቶችም የጉዳቱን ምክንያት እጽፋለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከልብ የሚያሳዝነኝ፣ ሊካስ የሚችል ጉዳት ምክንያቱ ሳይፈለግ ሲቀር ነው። ባለቤቱ ይደውላል፣ «አይሸፈንም» ይባላል፣ ተስፋ ይቆርጥና ያስደፍናል። ከወለሉ ሥር ግን ቧንቧው መፍሰሱን ቀጥሏል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎ።

ኢንሹራንሱ ምን ይሸፍናል?

የቤት ኢንሹራንስ በዋናነት የሚቆመው ለድንገተኛና ላልታሰበ ጉዳት ነው። እሳት፣ ፍንዳታ፣ መብረቅ፣ አውሎ ነፋስ፣ የቧንቧ መፈንዳት፣ አጥር ጥሶ ግድግዳ የገጨ መኪና። እነዚህ ሁሉ ቀን አላቸው። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ደረሰ» ማለት ይቻላል። መሠረት ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ቀን በሌለው ነገር ነው። አፈሩ በዝናብ ያብጣል፣ በደረቅ ወቅት ይኮማተራል። የዛፍ ሥር እርጥበቱን ይመጠዋል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ሁልጊዜ አንዱን ጥግ ብቻ ያርሳል። ይህ ሁሉ ወራትና ዓመታት ይወስዳል። ሰው የሚያየው መጨረሻውን ነው።

ለዚህ ነው «የማይሸፈኑ ጉዳቶች» በሚለው ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ቃላት ደጋግመው የሚመጡት፦ መስመጥ፣ መኮማተር፣ ማበጥ፣ መሰንጠቅ፣ እርጅና፣ የዛፍ ሥር ግፊት፣ የአሠራር ጉድለት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የውሃ ስርገት። ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥም ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው።

ይህ ሰውን ያናድዳል፤ አይፈረድበትም። ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። መድን የሚሠራው «ይደርስ ይሆናል» በሚባል ነገር ላይ ነው። ብዙ ሰው ያዋጣል፣ ጥቂቱ ላይ ይደርሳል፣ ከመዋጮው ይካሳል። በሚያብጥ አፈር ላይ በጥልቀት ሳይቆፈር የተሠራ ቤት ግን መሰንጠቁ የዕድል ጉዳይ አይደለም። የጊዜ ጉዳይ ነው። እሱን የሚመልሰው ጥሩ አሠራርና ክትትል ነው።

በዚህ ላይ ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የተለመደው የቤት ፖሊሲ፣ ማለትም የመድን ውል፣ የመሬት እንቅስቃሴን ያገላል። በብሪታንያ ግን የመሬት መስመጥ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በመደበኛው የቤት መድን ውስጥ ገብቷል። በ1976ቱ ድርቅ የሸክላ አፈሩ ሲኮማተርና ቤቶች ሲሰነጣጠቁ፣ የካሳ ጥያቄው በመድን ሰጪዎቹ ላይ በአንድ ጊዜ በዝቶ ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 በሕግ ያቋቋመችው የተፈጥሮ አደጋ ሽፋን አላት። በድርቅ የሚመጣ የሸክላ አፈር መኮማተር ከ1989 ጀምሮ በዚያ ውስጥ ይካሳል፤ መንግሥት አካባቢውን የአደጋ ቀጠና ብሎ ካወጀ ማለት ነው። እንግዲህ «መሠረት አይሸፈንም» ወይም «ይሸፈናል» ብሎ በጅምላ የሚነግርዎትን ሰው አይመኑ። ዋናው የእርስዎ ወረቀት ነው።

ያንን ወረቀት ያውጡት። ሙሉውን ውል ማለቴ ነው፣ የአረቦን ደረሰኙን አይደለም። ሙሉው ከሌለዎት ይጠይቁ፤ የማግኘት መብት አለዎት። መጀመሪያ «የማይሸፈኑ ጉዳቶች» የሚለውን ያንብቡ። ቀጥሎ ስለ ውሃና ስለ ቧንቧ የሚያወራውን አንቀጽ። ከዚያ ወደ መጨረሻ ገጾች ይሂዱና የተጨመሩ አባሪዎችን ይመልከቱ። ከላይ የተከለከለው ነገር በአባሪ ተመልሶ የሚገባበት ጊዜ አለ። ከራስዎ ኪስ የሚቀነሰውን፣ ኤክሰስ የሚባለውንም መጠን ይመልከቱ። ለመሬት መስመጥ የሚቀነሰው ከሌላው ጉዳት ከፍ ሊል ይችላል።

ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ

ስንጥቁ ያለው በማዕድ ቤቱ በኩል ነው። ማዕድ ቤት ማለት ንጹሕ ውሃ የሚገባበት፣ ፍሳሽ የሚወጣበት ቦታ ነው። የወጣው በዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይ ነው። ቤቱም ገና 4 ዓመቱ ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ ምክንያቱ ይህ ነው ልል አልችልም። የምፈልግበትን ቦታ ግን ልነግርዎ እችላለሁ፤ ሦስት ቦታ ነው። ከወለሉ ሥር ያለ ቧንቧ፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ፣ እና በደንብ ሳይጠቀጠቅ የቀረ ሙሌት አፈር። የመጀመሪያው በብዙ ፖሊሲ የመካስ ዕድል አለው። ሁለቱ በአብዛኛው የላቸውም። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ከቧንቧው እንጀምር።

ማታ ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ቧንቧ በሙሉ ይዝጉ። ውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር ካለዎት የሚሞላበትን ቫልቭም ይዝጉ፤ አለበለዚያ ቆጣሪው ለእሱ ይዞራል። የቆጣሪውን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፣ ትንሿ ቀይ መርፌ ጭምር እንድትታይ። ለ2 ሰዓት ማንም ውሃ አይንካ፤ የሽንት ቤት ፍላሽም አይለቀቅ። ከዚያ እንደገና ፎቶ ያንሡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ቤቱ የሚጠጣው ከታንከር ከሆነ ደግሞ የታንከሩን የውሃ ከፍታ ምልክት አድርገው ማታና ጠዋት ያስተያዩት።

ውጤቱ ንጹሕ ቢሆንም ገና አልጨረሱም። ፍሳሽ በቆጣሪ አያልፍም። የማዕድ ቤቱ የፍሳሽ ቱቦ ከወለሉ ሥር ተሰንጥቆ ቢሆን ቆጣሪው አያውቀውም። ለዚህ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ። የታችኛውን ማንሆል መግቢያ ደፍኖ ቱቦውን በውሃ ይሞላል፤ የውሃው ከፍታ ከወረደ ቱቦው ያፈስሳል ማለት ነው። ካሜራ የሚያስገባ ባለሙያ ካገኙ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቪዲዮው ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ፍንጣቂ፣ ማለትም ውሃ የሚያፈስ ቦታ፣ ከተገኘ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አሁን የሚጠይቁት ስለ መስመጥ አይደለም። ቧንቧ ፈንድቶ ያደረሰውን ጉዳት ነው። በብዙ ፖሊሲ ይህ በሦስት ተለይቶ ይታያል። የተበላሸው ቧንቧ ራሱ ብዙ ጊዜ አይካስም፤ የእርስዎ የጥገና ጉዳይ ነው። ወደ ቧንቧው ለመድረስ ወለል መስበርና መልሶ መሥራት ግን ብዙ ቦታ ይካሳል። ውሃው ያበላሸው ወለልና ግድግዳም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርዎ። አንዳንድ ውል «ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን የመሬት እንቅስቃሴ አይሸፈንም» ይላል። እንዲህ ያለ ሐረግ ካለ ለወለሉ ካሳ ተከፍሎ የመሠረቱ ጥገና ሊቀር ይችላል። ሐረጉ ከሌለ ክርክርዎ ጠንካራ ነው።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ፍንጣቂው ሲታወቅ ወዲያው ያሳውቁ። ሳምንታት ከፈጀ «የቆየ ስርገት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ውሃውን ወዲያው ይዝጉ፤ ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ ከመድን ገቢው የሚጠበቅ ግዴታ ነው። የተቆረጠውን ቧንቧ ደግሞ እንዳይጥሉት። የቧንቧ ሠራተኛ አዲሱን ገጥሞ አሮጌውን ከቆሻሻ ጋር መውሰድ ልማዱ ነው። «ተወው፣ እዚህ አስቀምጠው» ይበሉት። ብዙ ክርክር የሚያበቃው በዚያች ቁራጭ ላይ ነው። በንጹሕ ተሰብሯል ወይስ ለረጅም ጊዜ ዝጎ በስቷል የሚለውን አይቶ የሚያውቅ ሰው ያነበዋል።

ስንጥቁን ማንበብ

ግንበኛው «ልስን ነው» ማለቱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። የልስን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እንደ ፀጉር የቀጠነና አቅጣጫ የለሽ ነው። መረብ ይመስላል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ በዚያ ላይ በር እንዳይዘጋ ካደረገ ነገር ጋር የመጣ ስንጥቅ ግን ልስን ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል። የበር ክፈፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚገጠመው። ካልዘጋ ማዕዘኑ ተዛብቷል።

ስፋቱን ይለኩ። የብሪታንያ የሕንፃ ምርምር ተቋም ያወጣው አመዳደብ ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያለው በቀለም ሥራ የሚያልፍ ነው። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቀላል ይባላል፤ በርና መስኮት መያዝ ሊጀምር ይችላል። ከ5 እስከ 15 መካከለኛ ነው። ከ15 በላይ ከባድ፣ ከ25 በላይ ደግሞ ግድግዳው የመቆም ጥያቄ ውስጥ የሚገባበት ነው። ከስፋቱ በላይ ግን እኔ የማየው ቅርጹን ነው። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ከሆነ ወይ ጥጉ ወርዷል ወይ መሃሉ ተነሥቷል። ከታች የሚሰፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ነው የወረደው። ጣትዎንም ያሳልፉበት። አንዱ ጎን ከሌላው ወጣ ብሎ ከተሰማዎት ግድግዳው ወደ ውጭም እየተገፋ ነው። ይሄኛው ያሳስበኛል።

ከዚያ ምልክት ያድርጉ። የስንጥቁ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር ይሥሩና ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ ሚስማር ይምቱ። በሚስማሮቹ መሃል ያለውን ርቀት በካሊፐር፣ ትንሽ ልዩነትን በሚለየው መለኪያ፣ ይለኩ። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ይድገሙት። ፎቶ ሲያነሡ ማስመሪያ ከጎኑ ያድርጉ፤ ያለ ማስመሪያ የተነሣ ፎቶ ስለ ስፋት ምንም አይናገርም። የወለሉን ልክ ማወቅ ከፈለጉ ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ፣ ውሃ ልኩ፣ በቂ ነው። ከመሃል ክፍል ወደ አራቱም ጥግ እየወሰዱ ልዩነቱን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከስድስት ወር በኋላ ሲደግሙት የትኛው ጥግ እየሄደ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሳይጠብቁ መሐንዲስ የሚጠሩበትም ጊዜ አለ። ስንጥቁ በቀናት ውስጥ ከሰፋ። አግድም ስንጥቅ በከርሰ ምድር ክፍል ወይም አፈር በሚደግፍ ግድግዳ ላይ ከወጣ። ኮለን ወይም ቢም ተሰንጥቆ የዛገ ፌሮ ከታየ። የጋዝ መስመር በሚንቀሳቀሰው ግድግዳ ውስጥ ካለፈ። በእነዚህ ላይ ወር መቁጠር አይገባም።

ውሃው የት ይሄዳል?

አሁን ቧንቧው ሰላም ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ መሠረቱን የሚያድነው የእርስዎ እጅ ነው። ብዙ ሰው መሠረት የሚጎዳው በክብደት ይመስለዋል። ፎቅ የሌለው ቤት ላይ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ ነው። ይበልጥ ደግሞ ከእኩል ያልሆነ ውሃ።

መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ዓይነት የሸክላ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መሬቱም በሰፊው ይሰነጣጠቃል። አሸዋና ጠጠር እንዲህ አይሆኑም። ቤቱ ሙሉ በሙሉ እኩል ቢነሣና እኩል ቢወርድ ግድግዳው ብዙም አይጎዳም ነበር። ችግሩ አንዱ ጥግ ርሶ ሌላው ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ዓላማዎ በቤቱ ዙሪያ ያለውን አፈር ማድረቅ አይደለም። እርጥበቱን በአራቱም ጎን፣ በሁሉም ወቅት፣ ተቀራራቢ ማድረግ ነው። ይህን የሳተ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

ከጣሪያው ይጀምሩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያዎ 120 ካሬ ቢሆንና 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይወርዳል። በአራት ቱቦ እኩል ቢካፈል ለአንዱ ጥግ 750 ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል አራት ገደማ፣ በአንድ ዝናብ፣ አንድ ጥግ ላይ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ሁሉም በአንድ በኩል ሲፈስ ደግሞ ያስቡት።

በዝናብ ጊዜ ጃንጥላ ይዘው ይውጡና ይመልከቱ። የማዕድ ቤቱ ጥግ ላይ ቱቦ የሚወርድ ከሆነ ጫፉን ይዩት። ብዙ ቤት ላይ ቱቦው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያበቃል። ውሃው እዚያው አፈሩን ቆፍሮ ጉድጓድ ሠርቷል። ከጉድጓዱ በላይ ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ድረስ የጭቃ ፍንጥቅጣቂ አለ። የቀለሙ የታችኛው ክፍል አብጦ ይላጣል። አንዳንዴም የመሠረቱ ድንጋይ ራሱ ይታያል። ይህን ካዩ ሌላ ምርመራ ከመጀመርዎ በፊት ቱቦውን ያስረዝሙ። ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ሸክላ አፈር ላይ ከሆነ 3 ሜትር ድረስ ከግድግዳው ይራቅ። ወጪው ከመሠረት ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከምሰጠው ምክር አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ተዳፋቱ። መሬቱ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ውጭ መውረድ አለበት። የተለመደው ልክ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር መውረድ ነው። ሲሚንቶ ወይም ንጣፍ ከሆነ በ3 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ቤት ሲያልቅ የሚሞላው አፈር ከጊዜ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ ሲረከቡት ትክክል የነበረ ተዳፋት ዛሬ ወደ ቤቱ ዞሮ ሊሆን ይችላል። ሲሞሉት አሸዋ አይጠቀሙ፤ ውሃ ያሳልፋል። የተጠቀጠቀ፣ ውሃ የማያስገባ አፈር ይሁን። በንጣፉና በግድግዳው መሃል የተከፈተ ክፍተት ካለም ይደፈን። ክፍተቱ ቀጭን ቢመስልም ውሃውን በቀጥታ ወደ መሠረቱ ይወስደዋል።

ጠጠር የተሞላ የውሃ ቦይ ላሠራ ወይ ብለው ያስቡ ይሆናል። መውጫ ካለው ጥሩ ነው። መውጫ የሌለው ቦይ ግን መሠረቱ አጠገብ ውሃ ማጠራቀም ነው። ይህን ስሕተት በጣም ብዙ ቦታ አያለሁ። ቦዩን የሚቆፍረው ሰው ከመሠረቱ ግርጌ በታች እንዳይወርድም ይጠንቀቁ። ቤቱ የቆመበትን አፈር ከጎኑ ማራቆት አደገኛ ነው።

አትክልት ግድግዳ ሥር አይትከሉ። በየቀኑ የሚጠጣ አበባ አንዱን ጎን ብቻ ያርሳል። ትልቅ ዛፍ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አንዱን ጎን ያደርቃል። ባሕር ዛፍና አኻያ ብዙ ውሃ ከሚመጡት ናቸው። የሚሻለው ዛፉ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤቱ ማራቅ ነው። ትልቅ ዛፍ ቀድሞ ካለ ግን ተቻኩለው አይቁረጡት። ለዓመታት ሲመጠጥ የኖረ ሸክላ አፈር ዛፉ ሲቆረጥ ውሃውን መልሶ ይይዛል፣ ያብጣል፣ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል። ይህም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። በደረጃ መግረዝ ወይም ባለሙያ አማክሮ መወሰን ይሻላል።

ረጅም ድርቅ ሲመጣ በአንዳንድ አካባቢ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርገው ዙሪያውን ቀስ በቀስ ያጠጣሉ። ይሠራል፤ ዙሪያውን በሙሉ እኩል ከሆነ ብቻ። የተሰነጠቀውን ጥግ ለይቶ ማጠጣት ነገሩን ያባብሳል።

ስለ ጥገናው

እነዚህን ካስተካከሉ በኋላ ይጠብቁ። አንድ የዝናብና አንድ ደረቅ ወቅት ይለፍ። የሚስማሮቹ ርቀት ከቆመ ስንጥቁ ተጠርቦ በትክክል ይጠገናል፤ በሩም ይስተካከላል። ብዙ ቤት እዚህ ላይ ያበቃል። ካልቆመ የአፈር ምርመራ ያሠሩ። ከሥር ኮንክሪት መጨመር፣ ምሰሶ ወደ ጠንካራ አፈር ማውረድ፣ በግፊት የሚገባ ፎም፤ ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው። ምክሩን ግን ሥራውን ከሚሸጠው ኩባንያ ብቻ አይቀበሉ። ፎም የሚሸጥ ሰው ፎም ያዛል። ለብቻው ክፍያ የሚቀበል፣ ሥራውን የማይሠራ መሐንዲስ ይቅደም። ሸክላ አፈር ላይ አንድ ጥግ ብቻ አጠንክሮ ሌላውን እንዳለ መተው አዲስ ስንጥቅ እንደሚያመጣም ይወቁ። የቆመውና የሚንቀሳቀሰው መጋጠሚያ ላይ ይከፈታል።

ቤቱ 4 ዓመቱ መሆኑን ደግሞ አይርሱት። ምክንያቱ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ወይም ጥልቀት የሌለው መሠረት ሆኖ ከተገኘ የቤት ኢንሹራንሱ «የአሠራር ጉድለት» ብሎ ይመልስዎታል፤ ያም በውሉ መሠረት ነው። የሠራው ተቋራጭ ግን ከተጠያቂነት አልወጣ ይሆናል። ብዙ አገር ለሕንፃ ጥንካሬ የዓመታት ዋስትና በሕግ አለ። ለምሳሌ በፈረንሳይ 10 ዓመት ነው። የግዢ ውልዎንና የርክክብ ቀኑን ይዘው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ይህ ጊዜ ካለፈ አይመለስም፤ ስለዚህ ከመድኑ ጉዳይ ጎን ለጎን ይሂድ።

ለመድን ሰጪው የሚጽፉት

የቧንቧ ምርመራው ፍንጣቂ ካሳየ በጽሑፍ ያመልክቱ። ስልክ አይበቃም። «መሠረቴ ሰምጧል» ብለው አይጀምሩ። ያዩትን ይጻፉ፦ ስንጥቁን መቼ እንዳዩት፣ ቆጣሪው ስንት እንዳነበበ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ምን እንዳገኘ፣ ውሃውን መቼ እንደዘጉ። የጉዳቱን ምክንያት በራስዎ አይፍረዱ፤ ያንን ለመሐንዲሱ ሪፖርት ይተዉት። ያልሆነ ነገር አይጨምሩ። ቀኑን አንድ ወር ወደፊት ማምጣት ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እውነተኛውን ጥያቄም ይዞት ይጠፋል።

ገማቹ ሲመጣ ቤት ይሁኑ። የለኩትን ወረቀት ያሳዩት። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ መዝገብ ያለው ባለቤት በቁም ነገር ይታያል፤ ይህን ከራሴ ሥራ አውቀዋለሁ። ከማሳወቅዎ በፊት ትልቅ ጥገና አይጀምሩ፤ ውሃ መዝጋትና አደጋ መከላከል ግን ይፈቀዳል። ካልተቀበሉት ውሳኔውን በጽሑፍ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጠቅሰው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ከዚያ ያንን አንቀጽ ከመሐንዲሱ ሪፖርት ጋር አስተያይተው መቃወም ይችላሉ።

ወረቀቱን ሲያወጡ የዋስትናውን መጠንም ይዩት። ልኩ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው፤ የመሬቱ ዋጋ አይገባበትም። መልሶ ለመሥራት 4 ሚሊዮን የሚፈልግ ቤት የ3 ሚሊዮን ዋስትና ብቻ ከተገባለት፣ 400 ሺህ ጉዳት ሲደርስ በብዙ ውል የሚከፈለው 300 ሺህ ብቻ ነው። የግንባታ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ይህን ያስተካክሉ።

ወደ ሌላ ኩባንያ ልሂድ ወይ ላሉት፣ አሁን አይሂዱ። አዲሱ ኩባንያ «ስንጥቅ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ከነገሩት ያንን ጉዳት አግልሎ ነው የሚቀበልዎ። ከደበቁት ውሉን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ያኔ ቤቱ በእሳት ቢጎዳ እንኳን ካሳ አያገኙም። ያለውን ፖሊሲ ሳያቋርጡ ያድሱ፣ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ። የቆጣሪውን ፈተና ዛሬ ማታ መጀመር ይችላሉ።